ጥናት

የመጀመሪያው ጽሑፌ፣ ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር፣
በጠባሴ ገበያ፣ ስለ ኩበት ዋጋ ነበር።

ኅዳር ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣ፤
መቶ አርባ መጠይቅ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ተሻግሬ በረሳ፣
ከሸዋንግዛው ጋራ፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ እጠይቃለሁ፤
"አንድ ማዳበሪያ ስንት ነው?" እያልኩ ከረድፍ ረድፍ እሄዳለሁ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ባናቸውን ተከናንበው፣
ኩበቱን እንደ መጽሐፍ በጎን በጎኑ ደርበው፣
አዩኝ። ጫማዬን አዩ። "የቀረጥ ሰው ነህ?" አሉ።
"አይደለሁም እማማ፣ ለጥናት ነው።"
"ጥናት?" አሉ፤
"ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?"
ሸዋንግዛው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤
ጥያቄ ቁጥር ሰባት ላይ "ሞት" የሚል ሣጥን የለም።

"ይህን ከማሳ ላይ ለምን አይበትኑትም?
መሬቱ ይጠግብ ነበር።" "ልክ ነህ፣ አልዋሸህም፤
ገብሱ የሰኔ ነው። ብርዱ ግን የዛሬ ማታ።"
ይቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ባሕር ማዶ ወስጄ፣
"የቅናሽ ምጣኔ" ብዬ፣ አርባ ገጽ ቀመር ማግጄ፣
ዶክተር ተባልኩ።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ በስብሰባ ይቆጠር ጀመር፤
ናይሮቢ፣ ቦን፣ ማራካሽ፤ አንገቴ ላይ የስም ክር።
ነዳጅ ሲወደድ ጻፍኩ፣ ነዳጅ ሲረክስም ጻፍኩ፤
የጣርማበርን ነፋስ በሜጋ ዋት ሰፍሬ ሸጥኩ፤
በወረቀት ነው እንግዲህ። ነፋሱ ወሬም የለውም፤
ያን ዓመት የትምህርት ቤት ጣሪያ ገፎ ሲሄድ
የኔን ፈቃድ አልጠየቀም።

ካሥር ዓመት በኋላ ጠባሴ ስመለስ፣
ስለ አዲሱ ገበያ ነገርኳቸው፤ ስለ ጭስ፦
"ያልጨሰ ጭስ ይሸጣል። ያላነደደ ይከፈለዋል።"
ዝም አሉ፣ ረጅም ዝም። "ያላነደድኩትን እንዴት ያየዋል?"
(ይህችን ጥያቄ ሙያችን "ማረጋገጥ" ይላታል፤
በያመቱ ይሰበሰብባታል፤ በያመቱ ያሳድራታል።)
"ደግሞስ ገዥው የት ነው? ቅዳሜ ነው የሚወጣ?"
"ሩቅ ነው" አልኩ። "በለው እንግዲህ፣ ብርዱ ሳይገባ ይምጣ።"

ያን ሌሊት መብራት ሄደ። በብርሃን ደብር፣ በሆቴሉ፣
ስለ ኃይል ገበያ የጻፍኩት ሰንጠረዥ ጠፋ ከነቃሉ።
በጨለማው ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት፦ ማዳበሪያ።
ስንት ሺህ ጊዜ ጠየቅኩ፣ "ስንት ነው አንድ ማዳበሪያ?"
ጆንያው መስሎኝ። መሬቱ ነው ለካ የሚሸጠው፤
የከርሞ ገብስ ነው አፉ ታስሮ ለእሳት የሚሰጠው።
ቅኔ ያስተማረኝ አጎቴ ይህን ቢሰማ ያፍራል፤
ተማሪው ሰሙን በብር ተምኖ፣ ወርቁን ከአፈር ጥሎት ያድራል።

ዘንድሮ መጣሁ፣
ጡረታ ሊወጣ አንድ ጽሑፍ የቀረው ሰው ሆኜ።
ባናው አለ። የለበሰችው ልጃቸው ውዴነሽ ናት።
"በጥቅምት" አለችኝ። "ሳንባቸው ነው። ጭሱ ነው አሉ ሐኪሞቹ።"
እኔ ያልጨሰውን ስተምን፣
የጨሰው ጭስ
እዚህ፣ በሳር ጣሪያ ሥር፣ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቦርሳዬን አየችው። "ለጥናት ነው የመጡት?"
አዎ አልኩ። አይ አልኩ። ቃሉ ሁለት ሆኖ
ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ አላልፍ ብሎ ታፍኖ።
"ጥናቱን ይስጥሽ" አልኩ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ።
"ለእርስዎም" አለች፣ ኩበቱን እየደረደረች።

ዋጋ ሳልጠይቅ ገዛሁ። የእንግዳ ዋጋ አስከፈለችኝ፤ ይገባታል።
ሄደ፣ በባጃጅ ኋላ በገመድ ተንጠልጥሎ፣
ከጆንያው ጀርባ የደበዘዘው፣ አንብቤው የማላውቀው፦
"ዩሪያ፣ ሃምሳ ኪሎ።"